ይቅርታው የማን ነው?

አንዲት እናት እስረኛ ልትጠይቅ ትሄዳለች። እስረኛው ትንሽ ልጇን አፍኖ ወስዶ የገደለባት ሰው ነው። ሌሊቱን አልቅሳ፣ ቀኑን ጸልያ፣ በመጨረሻ «ይቅር ብዬሃለሁ» ልትለው ቆርጣለች። ፊት ለፊት ሲቀመጡ ግን የጠበቀችውን የተጎሳቆለ ፊት አታይም። ሰውየው ፊቱ ሞላ ብሏል፤ ተረጋግቷል። ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ልትነግረው ስትጀምር ደስ ብሎት ያዳምጣታል። እሱም እዚሁ እስር ቤት አምላኩን እንዳገኘ፣ በእንባ ንስሐ እንደገባ፣ ኃጢአቱ ሁሉ እንደተሰረየለት፣ ለእሷም እንደሚጸልይላት ይነግራታል። እናትየዋ ያመጣችውን ይቅርታ እንደያዘች ትወጣለች፤ የሚፈልገው ሰው አላገኘችለትም። መኪና ማቆሚያው ጋ ስትደርስ ጉልበቷ ይከዳትና ትወድቃለች።

ትዕይንቱ የደቡብ ኮሪያው ሊ ቻንግ-ዶንግ በ2007 ከሠራው «ሚርያንግ» ከተሰኘው ፊልም የተወሰደ ነው፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሊ ወደ ፊልም ከመግባቱ በፊት ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበር፤ የአገሩ የባህል ሚኒስትርም ሆኖ ሠርቷል። እናትየዋን ሆና የተጫወተችው ጆን ዶ-ዮን በዚያው ዓመት በካን የፊልም ፌስቲቫል በምርጥ ተዋናይትነት ተሸልማለች። ሽልማቱ ይገባታል፤ ግን ፊልሙን መመልከት የሚያስፈልገው ለሽልማቱ አይደለም። ከዚያ እስር ቤት የሚወጣው ጥያቄ ሃይማኖት ያለውንም የሌለውንም ስለሚይዝ ነው። በዳይ ከተበዳዩ በፊት ከሰማይ ይቅርታ ሊያገኝ ይችላል? ካገኘስ ለተበዳዩ ምን ተረፈለት?

የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ በቅርበት ያውቀዋል። የተጣሉ ሰዎች ሲታረቁ የሚባለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ነው። ቃሉ ልብ ተብሎ ሲታይ ድንቅ ነው። ይቅር የሚለው ሰው ነው፤ እግዚአብሔር የሚጠራው ይቅርታው ስለ እሱ ሲባል እንዲደረግ ነው። አምላክ በሁለቱ መካከል ይቆማል እንጂ ተበዳዩን ወደ ጎን ገፍቶ በስሙ አይናገርም። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ እግር ላይ የሚወድቅበት ልማድም ይህንኑ ይናገራል፤ ድንጋዩን ከጫንቃው የሚያወርድለት የተበደለው ሰው ነው። ነፍስ ሲጠፋ ደግሞ ነገሩ የቤተሰብ፣ የጎሳና የአገር ይሆናል። በወሎ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ገብተው ደም ያደርቃሉ። በኦሮሞ ባህል ጉማ የሚባል የደም ካሳና የእርቅ ሥርዓት አለ፤ ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው የቀድሞ የኢትዮጵያ ፊልም «ጉማ» ስሙን የወሰደው ከዚሁ ሥርዓት ነው።

በዚሁ ቋንቋ ውስጥ ግን ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮች ፊት ለፊት ተፋጠው ይኖራሉ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል አንዱ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል ሌላው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለተበዳይ ነው፤ ቂምህን ጣል፣ ጸሎትህ እንዳይታጎል ይባላል። ሁለተኛውን ተበዳዩ ራሱ በልቡ ይዞት ይቀመጣል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ስብከት አይሞላውም። ስብከት ይቅር ማለት እንደሚገባ ይናገራል፤ ይቅር የሚለው ሰው በዚያ ሰዓት እጁን የት እንደሚያኖረው፣ ምን እንደሚያይ፣ እንዴት እንደሚተነፍስ አይናገርም። ጥሩ ድራማ ፊልም የሚናገረው ይህንን ነው።

የኢትዮጵያ ተመልካች ለውጭ ድራማ እንግዳ አይደለም። አባቶችና እናቶች ሲኒማ ቤት ተሰልፈው በህንድ ፊልም አልቅሰዋል። ከዚያ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት የሚታየው ትርጉም ፊልም መጣ። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የቱርክን ጨምሮ ብዙ የውጭ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ በየሳሎኑ ገብተዋል። ልቅሶ፣ ክህደት፣ በቀል፣ እርቅ በእነሱም ውስጥ ሞልቷል። እዚህ የሚወሱት ፊልሞች ከእነሱ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው። ሙዚቃው መቼ ማልቀስ እንዳለበት ለተመልካቹ አይነግረውም፤ በአብዛኞቹ ውስጥ ሙዚቃ ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል። በድምፅ ትርጉም ሳይሆን ከሥር በሚጻፍ ትርጉም ቢታዩ ይመረጣል። የእናትየዋ ድምፅ ሲሰነጠቅ የራሷ ድምፅ መሆን አለበት።

ወደ «ሚርያንግ» እንመለስ። ሺን-ኤ ባሏ በመኪና አደጋ ሞቶባት፣ ትንሽ ልጇን ይዛ የባሏ የትውልድ ከተማ ወደሆነችው ሚርያንግ ትመጣለች። ፒያኖ ታስተምራለች። ገንዘብ ያላት ለመምሰል መሬት ልትገዛ እንደሆነ ታወራለች፤ ወሬው ልጇን አሳጣት። የከተማዋ ስም በቻይንኛ ፊደል ሲነበብ «ምሥጢራዊ የፀሐይ ብርሃን» ማለት ነው። በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ጎረቤቷ የሆነች የፋርማሲ ባለቤት ልትሰብካት ትሞክራለች፤ በዚህች የብርሃን ጨረር ውስጥ እንኳ የእግዚአብሔር ፈቃድ አለ ትላታለች። ሺን-ኤ ብርሃኑ ያረፈበት ቦታ ሄዳ እጇን ትዘረጋለች። ብርሃን ብቻ ነው፤ ምንም የለም ትላለች።

ልጇ ከሞተ በኋላ ወደ አንድ የጸሎት ጉባኤ ትገባለች፤ እዚያ የምታለቅሰው ልቅሶ ለማየት የሚከብድ ነው። ፓስተሩ እጁን ራሷ ላይ ሲያኖር ቀስ በቀስ ጸጥ ትላለች። ሊ ቻንግ-ዶንግ ይህን እምነት አይንቀውም፤ የፊልሙ ትልቅነት ይኸው ነው። ምእመናኑ ደግ ናቸው፤ ከልባቸው ያጽናኗታል። ሴትየዋ ለተወሰነ ጊዜ በእውነት ትድናለች። ለዚህ ነው የእስር ቤቱ ትዕይንት እንደ ጩቤ የሚወጋው። እምነቷን የሚያፈርሰው የሚጠላት ከሃዲ አይደለም፤ የራሷን ቃል መልሶ የሚነግራት ሌላ አማኝ ነው። ከዚያ በኋላ ፀቧ ከገዳዩ ጋር አይደለም። ከእግዚአብሔር ጋር ነው። እኔ ይቅር ሳልለው እንዴት ቀድሞ ይቅር ይለዋል ትላለች፤ ሰው ተሰብስቦ በሚጸልይበት ሜዳ በድምፅ ማጉያ ዘፈን ከፍታ ጉባኤውን ትበጠብጣለች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ሰማዩን እንደ ባላጋራ ታየዋለች።

ለመሆኑ ገዳዩ ያለው ትክክል ነው? ትልልቆቹ ሃይማኖቶች እንደዚህ በቀላሉ አይለቁትም። ወንጌል መሥዋዕቱን ይዞ መሠዊያው ዘንድ የቆመ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ቢያስብ መሥዋዕቱን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ያዛል። ዘኬዎስ ንስሐ ሲገባ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። በአይሁድ የረቢዎች ትምህርት የስርየት ቀን በሰውና በፈጣሪው መካከል ላለው በደል ነው፤ በሰውና በሰው መካከል ያለውን ግን በዳዩ ባልንጀራውን እስኪያስታርቅ ድረስ ቀኑ ብቻውን አይሽረውም። ሙስሊሙም የሰው ሐቅ የሚለው አለው፤ የሰው ሐቅ ያለበት ሰው ባለሐቁን ማስለቀቅ ይጠበቅበታል። ንስሐ አባትም ቢሆን የሰረቅኸውን መልስ፣ የተጣላኸውን ታረቅ ሳይል አይፈታም። ገዳዩ የጎደለው ይህ ነው። ንስሐው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን መንገዱ ሽቅብ ብቻ ነው፤ በእናትየዋ ደጃፍ አላለፈም።

የከፋው ጥያቄ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። የተገደለው ልጁ ነው። እናትየዋስ ብትሆን በልጇ ስም ይቅር ለማለት ምን ሥልጣን አላት? ዶስቶየቭስኪ በ1880 ባሳተመው «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ውስጥ ኢቫን ይህን ይጠይቃል። ውሾች የቦጫጨቁት ልጅ እናት በራሷ ላይ የደረሰውን ሥቃይ ይቅር ትበል፤ የልጁን ሥቃይ ግን ልጁ ራሱ ይቅር ቢል እንኳ እሷ በእሱ ፈንታ ይቅር ልትል መብት የላትም ይላል። ሲሞን ቪዘንታል ደግሞ በናዚ ካምፕ ሳለ በሞት አፋፍ ላይ የነበረ አንድ የኤስ ኤስ ወታደር ይቅርታ ጠይቆት ምንም ሳይመልስ ከክፍሉ እንደወጣ «ሱፍ አበባ» በተሰኘው መጽሐፉ ተርኳል። ወታደሩ የሚፈልገው ይቅርታ እጃቸው ላይ ያለ ሰዎች ሞተዋል። ነፍስ ማጥፋትን ከሌላ በደል ሁሉ የሚለየው ይህ ነው፤ ይቅር ባዩንም አብሮ ያጠፋል።

ይህ የፍልስፍና ጥያቄ በወረቀት ላይ ሳይሆን በሕግ የሚኖርበት አገር አለ። በኢራን ሕግ መሠረት በነፍስ ግድያ የሞት ቅጣት ሲወሰን ቅጣቱን የመጠየቅ ወይም የመተው መብት የሟች ቤተሰብ ነው፤ የደም ካሳ ተቀብለው ወይም እንዲያው ማሩት ሊሉ ይችላሉ። አስጋር ፋርሃዲ ዝናው ገና ከአገሩ ሳይወጣ በ2004 የሠራው «ውቧ ከተማ» የቆመው በዚህ ላይ ነው። አክባር በአሥራ ስድስት ዓመቱ የሚወዳትን ልጅ ገድሏል፤ አሁን አሥራ ስምንት ሞልቶታል፤ የሚሰቀልበት ዕድሜ ደርሷል። ጓደኛው ከማረሚያ ቤት ወጥቶ ከአክባር እኅት ጋር በመሆን የሟች አባት ደጅ ይጠናል።

አባትየው ክፉ ሰው አይደለም። ይጸልያል፤ የልጁ ደም ግን አይለቀውም። የሚገርመው፣ በሕጉ የሴት የደም ካሳ ከወንድ በግማሽ ስለሚያንስ፣ ገዳዩ እንዲሰቀል ከፈለገ ልዩነቱን የሚከፍለው እሱ ነው። ስለዚህ ድኻው አባት ፍትሕ ለማግኘት ገንዘብ ይፈልጋል። ሚስቱ ደግሞ አካል ጉዳተኛ ልጅ አለቻት፤ ገንዘቡ ለልጇ ሕክምና ቢውል ትወዳለች። ቀጥሎም ጓደኛው ያችን ልጅ ቢያገባ ይቅርታው ሊገኝ እንደሚችል ትጠቁማለች፤ እሱ ግን በዚያ ደጅ ጥናት መሐል የአክባርን እኅት ወዷታል። ፋርሃዲ ከዚህ በኋላ ያለውን አይፈታውም። ይቅርታ የሚቸገሩ ሰዎች ቤት ውስጥ ሲገባ ከኪራይ፣ ከጥሎሽና ከመድኃኒት ዋጋ ጋር አንድ ላይ እንደሚመዘን ያሳያል። ሽማግሌ ተቀምጦ ያየ ሰው ይህን አይቶታል።

የፋርሃዲ ዝነኛ ሥራ በ2011 የወጣው «መለያየት» ነው፤ በበርሊን የወርቅ ድብ፣ በቀጣዩ ዓመት ለኢራን የመጀመሪያውን ኦስካር አምጥቷል። እዚያ ውስጥ አንዲት ሃይማኖተኛ የቤት ሠራተኛ አለች። ራሱን መቆጣጠር ያቃተውን ሽማግሌ ልብስ መለወጥ ኃጢአት ይሆንባት እንደሆነ ስልክ ደውላ የምትጠይቅ ሴት ናት። በኋላ ቤተሰቧን ከዕዳ የሚያወጣ የደም ካሳ ሊከፈላት ሲል በቁርኣን እንድትምል ትጠየቃለች። እርግጠኛ ባልሆነችበት ነገር። ባሏ አበዳሪዎቹን ጠርቷል። የዚያች ሴት ፊት፣ የመሐላ ክብደት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ሁሉ የሚረዳው ፊት ነው። በ2019 የወጣው የማሱድ ባክሺ «ያልዳ» ደግሞ ይቅርታውን ወደ ቴሌቪዥን ስቱዲዮ ያመጣዋል፤ ባሏን በመግደል የተፈረደባት ወጣት በቀጥታ ሥርጭት ፊት ከሟች ልጅ ምሕረት ትለምናለች፣ ተመልካቹም በስልክ መልእክት ድምፅ ይሰጣል። ከፋርሃዲ ሥራዎች አንጻር ጩኸቱ ይበዛል፤ ግን ይቅርታ ትርኢት ሲሆን ምን እንደሚመስል ካየ በኋላ ሰው በሕዝብ ፊት የሚደረገውን እርቅ ሁሉ በሌላ ዓይን ያያል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ትንሹ ፊልም ነው። የቤልጂየሞቹ ወንድማማቾች ዣን-ፒየርና ሉክ ዳርደን በ2002 የሠሩት፣ በፈረንሳይኛ የሚነገረው «ልጁ»። ኦሊቪየ የአናጢነት መምህር ነው፤ ችግር ውስጥ የነበሩ ወጣቶችን ሙያ ያስተምራል። አንድ ቀን ፍራንሲስ የሚባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከማረሚያ ተለቆ ሊማር ይመጣል። ኦሊቪየ ስሙን ወረቀት ላይ አይቶ መጀመሪያ ቦታ የለኝም ይላል። ቀጥሎ በኮሪደሩ እየሮጠ ይሰልለዋል፤ በመስታወት አሻግሮ ያየዋል፤ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። ተመልካቹ ለምን እንደሆነ አያውቅም። ካሜራው ከሰውየው ማጅራት ኋላ ተጣብቋል፤ የምናየው ጆሮውን፣ የመነጽሩን እጀታና ወገቡ ላይ የታጠቀውን የቆዳ ቀበቶ ነው። እንግዲህ ፍራንሲስ ከአምስት ዓመት በፊት የኦሊቪየን ልጅ የገደለ ልጅ መሆኑ በኋላ ይገለጣል።

ኦሊቪየ ተማሪው አድርጎ ይቀበለዋል። የቀድሞ ሚስቱ ስታውቅ ልትወድቅ ትደርሳለች፤ ማንም የማያደርገውን ለምን ታደርጋለህ ትለዋለች። አላውቅም ነው መልሱ። የዚህ ፊልም ሥነ መለኮት እዚያች «አላውቅም» ውስጥ አለ። ኦሊቪየ አይጸልይም፤ ስለ ምሕረት አንድ ቃል አይናገርም። ያስተምራል። ሳንቃ እንዴት እንደሚያዝ፣ መሰላል ላይ ዕቃ ተሸክሞ እንዴት እንደሚወጣ፣ የእንጨት ዓይነት እንዴት እንደሚለይ ያሳያል። አንድ ምሽት ልጁ ርቀትን በዓይን የመለካት ችሎታውን ይፈትነዋል፤ ከእኔ እግር እስከ አንተ እግር ስንት ነው ይለዋል። ኦሊቪየ ይገምታል፤ ልጁ ሜትሩን ዘርግቶ ይለካል፤ ልክ ነው። በገዳይና በአባት መካከል ያለው ርቀት በሜትርና በሴንቲ ሜትር ሲነገር መስማት ነው ይህ። ከዚያም ልጁ፣ ሰውየው ማን መሆኑን ሳያውቅ፣ አሳዳጊዬ ሁን ብሎ ይጠይቀዋል።

መጨረሻው እዚህ አይነገርም። ኦሊቪየን የተጫወተው ኦሊቪየ ጉርሜ በካን የምርጥ ተዋናይ ሽልማት የተሰጠው ፊቱን ግማሹን ጊዜ እንኳ በደንብ ባላሳየበት ፊልም መሆኑ ብቻ ይበቃል። «ሚርያንግ» ውስጥ ይቅርታ በቃል ይመጣና በቃል ይሰበራል። «ልጁ» ውስጥ ቃሉ ከነጭራሹ የለም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ሳንቃ ከሁለት ጫፍ ይይዛሉ።

የኢቫን ካራማዞቭ ክርክር ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ ኦሊቪየም አባት እንጂ ሟች አይደለም። ለዚህ መልስ የሚሰጥ አንድ ፊልም አለ፤ ታሪኩም የተፈጠረ አይደለም። በአልጄሪያ አትላስ ተራሮች፣ ቲብሒሪን በሚባል ስፍራ፣ ፈረንሳውያን የትራፒስት መነኮሳት ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር እያረሱና ማር እየቆረጡ ይኖሩ ነበር። ሐኪሙ ወንድም ሉክ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው እንኳ መንደርተኛውን በነፃ ያክሙ ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲበረታ ሂዱ ተባሉ። ተነጋግረው ቀሩ። በመጋቢት 1996 ሰባቱ በሌሊት ታፍነው ተወሰዱ፤ በግንቦት መጨረሻ የተገኘው ራስ ራሳቸው ብቻ ነበር። ዣቪየ ቦቯ በ2010 ይህን «ሰዎችና አማልክት» በሚል ርእስ ፊልም አድርጎት በካን ሁለተኛውን ትልቅ ሽልማት ወስዷል።

የገዳሙ አለቃ አባ ክርስቲያን ደ ሸርዤ ከመታፈናቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብለው ኑዛዜ ጽፈው ነበር። በኑዛዜው አንድ ቀን የሚገድላቸውን፣ ገና የማያውቁትን ሰው ወዳጅ ብለው ይጠሩታል፤ በመስቀሉ አጠገብ እንደተሰቀለው ደግ ወንበዴ ሁለቱም በገነት እንዲገናኙ ይመኛሉ። በእሳቸው ሞት እስልምናም ሆነ አልጄሪያውያን እንዳይወነጀሉ ይማጸናሉ። እንግዲህ ኢቫን መብት የለም ያለው ነገር እዚህ መብት አገኘ። የተገደለ ሰው ይቅር ሊል አይችልም፤ የሚገደል ሰው ግን ይችላል። ክርስቶስ በመስቀል ላይ፣ እስጢፋኖስ በድንጋይ ውርወራ መሐል ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ በሌላ ሰው ቁስል ሳይሆን በራሳቸው ቁስል ይቅር አሉ። ፊልሙ ይህን ኑዛዜ ያስነበበው መነኮሳቱ በጭጋግና በበረዶ ውስጥ ሲነዱ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን ወይን ቀድተው፣ ከአሮጌ ቴፕ የቻይኮቭስኪን ሙዚቃ እየሰሙ ራት የሚበሉበት ትዕይንት አለ። ካሜራው ከፊት ወደ ፊት ይሄዳል። ይስቃሉ፤ ቀጥሎ ያለቅሳሉ። እነዚህ ሰዎች መሞት አልፈለጉም፤ ፈርተዋል። ያ ፍርሃት ባይታይ ኑዛዜው ወረቀት ብቻ ይሆን ነበር።

ይቅርታ ከሁሉ የሚከብደው በዳዩ ገና ሥልጣን ላይ ሲሆን ነው። ሐና አረንት በ1958 ባሳተመችው «የሰው ልጅ ሁኔታ» ሰዎች ሊቀጡት የማይችሉትን ነገር ይቅር ሊሉት እንደማይችሉ ጽፋለች። ጃፋር ፓናሂ በአገሩ በኢራን ሁለት ጊዜ ታስሯል፤ ለሃያ ዓመት ፊልም እንዳይሠራም ተፈርዶበት ነበር። በ2025 የካንን ትልቁን ሽልማት ያገኘበትን «ተራ አደጋ» ያለ ፈቃድ ተደብቆ ነው የቀረጸው። አንድ መካኒክ በሥራ ቦታው ሳለ የሰው ሠራሽ እግር ሲጢጥ የሚል ድምፅ ይሰማል። እስር ቤት ሲመረመር ዓይኑ ታስሮ ነበር፤ መርማሪውን የሚያውቀው በዚያ ድምፅ ብቻ ነው። ሰውየውን ይዞ በረሃ ይወስደዋል፤ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ አፈር ሊመልስበት ሲል ይጠራጠራል። ሌላ ሰው ቢሆንስ? ከዚያ አብረውት የታሰሩትን አንድ በአንድ ይሰበስባል፤ አንዷ የሠርግ ልብሷን እንደለበሰች ትመጣለች። በመኪናው ውስጥ፣ ታሳሪው በሣጥን ተዘግቶ፣ ይጨቃጨቃሉ፤ እንግደለው፣ እንልቀቀው፣ እንደ እነሱ እንሁን፣ አንሁን።

በዚህ መሐል የታሳሪው ስልክ ይጠራል። ትንሽ ልጁ ናት፤ እናቷ ምጥ ይዟታል። ሊገድሉት የተሰበሰቡት ሰዎች ሚስቱን ሐኪም ቤት ያደርሷታል፤ ሕፃኑ ሲወለድ መካኒኩ እንደ ባህሉ ጣፋጭ ገዝቶ ያድላል። ፓናሂ እዚህ ላይ ስለ ሰብአዊነት ንግግር አላስገባም። ሰዎቹ ምጥ የያዛት ሴት አይተው ሌላ ማድረግ አልቻሉም፤ ያ ግን ሰውየውን ይቅር አሉት ማለት አይደለም። ደግነትና ይቅርታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንደዚህ ፊልም በግልጽ ያሳየ ማግኘት ይከብዳል።

ይህን ፊልም የኢትዮጵያ ተመልካች እንደ ሩቅ አገር ታሪክ ሊያየው አይችልም። በ2011፣ የሃይማኖት መሪዎች ይቅርታ እንዲደረግ ከጠየቁ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ሞት የተፈረደባቸውን የደርግ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለውጠዋል። መንግሥት ቅጣት ሊያቀልል ይችላል፤ ሕጉ ይፈቅድለታል። የሃይማኖት አባት ሊማልድ ይችላል፤ ተግባሩ ነው። በቀይ ሽብር ልጇ መንገድ ላይ ተጥሎ ያገኘችው እናት ልብ ውስጥ ያለውን ግን ፕሬዚዳንቱም ጳጳሱም ሼሁም በፊርማ አያነሱትም። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጦርነቶች ሌሎች ብዙ እናቶች ጨምረዋል። እርቅ የሚለው ቃል በየመድረኩ በሚነገርበት አገር «ሚርያንግ» በየአዳራሹ መታየት ያለበት ፊልም ነው፤ ከውይይቱ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

ሺን-ኤ መጨረሻ ላይ ከሆስፒታል ትወጣለች። ፀጉሯን ልትቆረጥ ስትገባ መቀሱን የያዘችው የገዳዩ ልጅ ሆና ታገኛታለች። ግማሹን ተቆርጣ ትታ ትወጣለች። ቤቷ ግቢ ውስጥ መስታወት ፊት ተቀምጣ ቀሪውን ራሷ ትቆርጣለች፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳይሰለች የተከተላት ጋራዥ ያለው ሰው መስታወቱን ይይዝላታል። የተቆረጠው ፀጉር በነፋስ ይንከባለላል። ካሜራው ተከትሎት ወርዶ፣ ውኃ ባቆረ፣ ቆሻሻ በተበተነበት የግቢ ጥግ ላይ ያረፈች ትንሽ የፀሐይ ብርሃን ላይ ይቆማል። ሊ ቻንግ-ዶንግ እግዚአብሔር እዚያ አለ አይልም፤ የለም አይልም። ሴትየዋ በመጀመሪያ እጇን ዘርግታ ምንም የለም ያለችበትን ብርሃን እንደገና ለተመልካቹ አሳይቶ ፊልሙን ይጨርሳል።

የሚጀምር ሰው በ«ልጁ» ቢጀምር ይሻላል፤ አንድ ሰዓት ከአርባ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ ከሥር ያለውን ጽሑፍ ማንበብ የማይወዱትም አይቸገሩበትም። «ሚርያንግ» ከሁለት ሰዓት ይበልጣል፤ ልጅ የሞተበት ሰው ብቻውን ሆኖ ባያየው ይመረጣል። «ሰዎችና አማልክት» ለጾም ምሽት ይስማማል። ሁሉንም ከአንድ ሰው ጋር ይመልከቷቸው፤ ቢቻል ከተቀየሙት ሰው ጋር።